72 ሰዓት ለሚሠራ ኪኒን 12 ዓመት ክርክር

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ አንድ ነገር ለመኑኝ። "ስሙን ለስለስ አድርጊው" አሉኝ። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት "የሴቶች ጤና" ይላል። ይሁን። እኔ ግን የማወራው ስለ ፖስት ፒል ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው በዚህ ስም ያውቀዋል። በወግ አማርኛ "ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ" ይባላል። እዚህ አገር በብዛት የሚጠራው ፕላን ቢ በሚለው የንግድ ስሙ ነው። ኋላ ወንበር ላይ የምትስቁትን አይቻችኋለሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ እሠራ ነበር። ፖስት ፒል ፈላጊውን ገና በሩ ላይ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ይገባና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ ወባ የሚናገር ፖስተር ማንበብ ይጀምራል። ሰው እስኪወጣ ነው። ከዚያ ጠጋ ብሎ "ፓናዶል አለ?" ይላል። ፓናዶሉን ሳስቀምጥለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እ... ያቺም ትጨመር" ይላል። "የቷ?" አልልም። በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅለል አድርጌ እሰጠዋለሁ። ማዘዣ የለ፣ መታወቂያ የለ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያኔ ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚያሳፍረኝ "መቼ ነው የሆነው?" ብዬ አለመጠየቄ ነው። ኪኒኑን የምትውጠው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ ነበረች፣ ታክሲ ተራው ጋ ቆማ። ልጁ ወጥቶ ምን ብሎ እንደሚነግራት እግዜር ይወቅ።

ወደ አሜሪካ ስመጣ ይህ ነገር እዚህ የበለጠ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ከዚህ አዳራሽ በመኪና ጥቂት ብትሄዱ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ኋይት ኦክ የሚባለውን ትልቅ ግቢ ታገኛላችሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። ኡበር የምትነዱ በሩ ላይ ሰው ሳታወርዱ አትቀሩም። ዛሬ የማወራው ክርክር እዚህ ሰፈራችን ካለው መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ግን ዓለም ሁሉ ሲያወራው ዝም ብለን ነበር። የፈረንጅ ጉዳይ መስሎን።

ስለ ክርክሩ ከማውራቴ በፊት ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በእኛ ሰው ዘንድ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ማስወረጃ ነው ወይ?" አይደለም። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሏ ገና ያልወጣች ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪው ፌርማታ ላይ ቆሟል፣ አንበሳ አውቶቡሱ ከጋራዥ አልወጣም እንበል። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባለው ይህ መድኃኒት አውቶቡሱን ጋራዥ ውስጥ ያቆየዋል። ተሳፋሪው ሰልችቶት ይሄዳል። አውቶቡሱ ቀድሞ ከወጣ ግን ኪኒኑ የሚያደርገው ነገር የለም። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ቢዋጥ እርግዝናውን አያቋርጥም።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ጠቡ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ራሱ ካርቶኑ ነበር። ለብዙ ዓመት በማብራሪያው ላይ የዳበረች እንቁላል ማኅፀን ላይ እንዳትጣበቅ ሊያደርግ ይችላል የሚል ሐረግ ነበረበት። ሊያደርግ ይችላል፣ በግምት። ኤፍዲኤ ያንን ሐረግ ያነሳው በታኅሣሥ 2022 ነው። እስከዚያ ድረስ "ነፍስ ያጠፋል" የሚለው ሰው ማስረጃ ብሎ የሚያሳየው ካርቶኑን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ይፋ ያደረገው አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲወሰድ ሊፈጠር ከነበረው እርግዝና 95 በመቶውን ይከላከላል አለ። በሁለተኛው ቀን 85፣ በሦስተኛው ቀን 58። ኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን አለዝበውታል። የሚሸጠው ግን ዛሬም "በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ" ተብሎ ነው። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። የምነግራችሁ ሁሉ ተመልሶ እዚሁ ይመጣል።

አሁን ክርክሩ። ፕላን ቢ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1999 ነው፣ በሐኪም ማዘዣ። ቅዳሜ ሌሊት የሆነ ነገር፣ ሰኞ ሐኪም ደውሎ ቀጠሮ መያዝ፣ ከዚያ ማዘዣ፣ ከዚያ ፋርማሲ። 72 ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በየካቲት 2001 ከ70 የሚበልጡ ድርጅቶች "ያለ ማዘዣ ይሸጥ" ብለው ለኤፍዲኤ አቤቱታ አስገቡ። በታኅሣሥ 2003 የኤፍዲኤ አማካሪ ባለሙያዎች ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። 23 ለ 4፣ ይሸጥ አሉ። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሳይንቲስቶችም ተስማሙ። አለቀ ትላላችሁ። በግንቦት 2004 ኃላፊዎቹ አይሆንም አሉ። ምክንያታቸው ከ16 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች በቂ መረጃ የለም የሚል ነበር።

በነሐሴ 2005 ውሳኔው እንደገና ተራዘመ። ያኔ የኤፍዲኤ የሴቶች ጤና ቢሮን ትመራ የነበረችው ሱዛን ውድ ሥራዋን ለቀቀች። ባለሙያው መርምሮ ይሁን ያለውን ሳይንስ ከላይ እየሻሩ እኔ እዚህ መቀመጥ አልችልም ነው ያለችው። ከእኛ መሃል ለእንጀራው ሲል ያላጎነበሰ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም፣ ምክንያቴን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በ2006 ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ያለ ማዘዣ ተፈቀደ። በ2009 ኤድዋርድ ኮርማን የሚባሉ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ወደ 17 ዝቅ አስደረጉት። ግን ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ከካውንተር ጀርባ ነው። መታወቂያ ይጠየቃል።

ያ መታወቂያ ነው እኔን የነካኝ።

2010 ነው። እንደመጣሁ ገደማ። አገር ቤት ፋርማሲስት ነበርኩ፣ እዚህ ደግሞ የፈቃድ ፈተናውን እስካልፍ ቴክኒሻን ሆኜ ክኒን እቆጥራለሁ። ይህን መንገድ የምታውቁት አላችሁ። አንድ እሑድ ማታ አንዲት ልጅ መጣች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብባ በአማርኛ "እህቴ" አለችኝ። የምትፈልገውን ነገረችኝ። ፋርማሲስቱን ጠራሁት። መታወቂያ አላት ወይ አለ። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ነው። የሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ልጅ ትጠብቃለች። ከፓስፖርቱ ሌላ ወረቀት የላትም።

ፋርማሲስቱ ክፉ ሰው አልነበረም። "ያለ መታወቂያ አልችልም፣ ነገ ክሊኒክ ሂዳ ታሳዝዝ" አለ። ተረጎምኩላት። "የማርፈው እሑድ እሑድ ብቻ ነው" አለችኝ። የሚቀጥለው እሑድ 7 ቀን ነው። ኪኒኑ 3 ቀን ነው። ይህን ሒሳብ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ሠራነው። አመስግናኝ ሄደች። አመስግናኝ!

ሕጉ የወጣው ለ12 ዓመት ልጅ ታስቦ ነው። አጥሩ የያዘው ግን ትልቋን ሴት ነው። በራሴ መታወቂያ ልገዛላት እችል ነበር ወይ? ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈተና እያጠናሁ ነበር፣ ሥራዬን እፈልገው ነበር፣ ፈራሁ። ለዚህ ነው ስለ ሱዛን ውድ ሳወራ እጄን የማላወጣው።

እንቀጥል። በታኅሣሥ 2011 የኤፍዲኤ ኮሚሽነር ማርጋሬት ሃምበርግ የዕድሜ ገደቡ ይነሳ፣ ሳይንሱ ይደግፋል አሉ። በዚያው ቀን አለቃቸው የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሲቤሊየስ ሻሩት። ይህ በቡሽ ዘመን አይደለም፣ ልብ በሉ። በኦባማ ነው። በማግስቱ ኦባማ ራሳቸው ወጥተው የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ አሉ። የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ከማስቲካና ከባትሪ ጋር አብራ ይህን መድኃኒት እንድትገዛ አይታየኝም ዓይነት ነገር ተናገሩ። ቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ያጨበጨቡ አጎቶች ነበሩ።

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ሴት ልጅ አለችኝ። የ12 ዓመት ልጅ ይህ ኪኒን ካስፈለጋት አንድ አስከፊ ነገር ደርሶባታል ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው ሊያውቅላት ይገባል። ግን ኪኒኑን መቆለፍ ለማንም አይነግርም። ልጅቷ እንደመጣች ዝም ብላ ትመለሳለች፣ የደረሰባትም ነገር አብሯት ይመለሳል። ደግሞ መድኃኒቱ አደገኛ ነው ከተባለ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ያለው ፓናዶል በብዛት ቢዋጥ ጉበት ይገድላል። እሱን ግን የ11 ዓመት ልጅ ያለ ማንም ጥያቄ ትገዛዋለች።

ዳኛ ኮርማን በሚያዝያ 2013 ትዕግሥታቸው አለቀ። ውሳኔው ፖለቲካ የገፋው ነው፣ ሳይንስ አይደግፈውም ብለው ጻፉ፣ ገደቡ እንዲነሳ አዘዙ። መንግሥት መጀመሪያ ይግባኝ አለ። ኤፍዲኤም በመሃል 15 ዓመት ይሁን ብሎ ሞከረ። በሰኔ ተዉት። ሰኔ 20 ቀን 2013 ባለ አንድ ፍሬው ፕላን ቢ ዋን ስቴፕ ያለ ዕድሜ ገደብ፣ ያለ መታወቂያ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ከአቤቱታው 12 ዓመት በኋላ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጓደኛዬ ላውራ። ዲያቆን ነው፣ ፋርማሲስትም ነው። ኪኒኑ ከካውንተር ጀርባ በነበረበት ዘመን ጠያቂ ሲመጣ "አንቺ ነይ" ይለኛል፣ እሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። አልከፋም ነበር፣ ተግባብተን ነበር። አንድ ቀን "ሌሊት ብቻህን ስትሆንስ?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "እሰጣለሁ። ጠዋት ለንስሐ አባቴ እደውላለሁ" አለኝ።

ይህ የእሱ ብቻ ጭንቀት አይደለም። ዋሽንግተን ስቴት በ2007 ፋርማሲዎች የተፈቀደ መድኃኒት አናቀርብም ማለት አይችሉም የሚል ደንብ አወጣ። ኦሊምፒያ ከተማ ውስጥ ሱቃቸው ውስጥ ፋርማሲ ያላቸው ቤተሰብ ከሃይማኖታችን ይጋጫል ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላየውም እስኪል ድረስ 9 ዓመት ፈጀ። ጠበቆች በሉበት። እኔ ግን የዲያቆኑን ጓደኛዬን መልስ ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው። ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ እሱም ነፃ ወጣ። ሴትየዋ ራሷ ታነሳለች፣ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ትከፍላለች። ማንም የማንንም ሕሊና አልረገጠም። ለሃይማኖተኛ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም። የሚገርመው፣ የሃይማኖት ነፃነት የሚሉት ወገኖች በብዛት የተቃወሙት ይህንኑ ነበር።

ግን ደጋፊዎቹንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። በክርክሩ መጀመሪያ ዘመን ትልቅ ተስፋ ሰጥተው ነበር። ኪኒኑ እንደ ልብ ቢገኝ ያልታሰበ እርግዝና በግማሽ ይቀንሳል፣ ውርጃም እንደዚያው ሲሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ልጆቹ ልቅ ይሆናሉ ብለው ፈሩ። ሁለቱም ተጠና። ለሴቶች ኪኒኑን አስቀድሞ በእጃቸው ሰጥተው ተከታተሏቸው። ልቅነት አልጨመረም። በአጠቃላይ ሲታይ ግን የእርግዝናው ቁጥርም አልቀነሰም። ብዙዎቹ በሚያስፈልጋቸው ቀን አልወሰዱትም። የወሰዱትም አንዳንዶቹ አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ነው። አገር የሚያጠፋም አገር የሚያድንም ኪኒን አልነበረም።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን ቀለል አለኝ። 12 ዓመት ስለ ትውልድ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ሕዝብ ቁጥር ሲከራከሩ፣ ነገሩ የአንዲት ሴት የአንድ ምሽት ጉዳይ ነበር። ለእሑዷ ልጅ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ምኗም አይደለም። የእሷ ጥያቄ እስከ ረቡዕ ደርሳ ማግኘቷ ነበር።

አሁን ተፈቷል ትሉ ይሆናል። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ፋርማሲ ገባሁ፣ እንደ ደንበኛ። ፕላን ቢ መደርደሪያው ላይ አለ። ግን መስታወት ተቆልፎበታል። ዋጋው ከ40 ዶላር በላይ ስለሆነ ሌባ ይወደዋል ይላሉ። ቁልፍ ያለው ሰው እንዲመጣ ደወል ትጫናላችሁ። ተጫንኩ። ድምፅ ማጉያው በሱቁ ሙሉ "በቤተሰብ ምጣኔ መደርደሪያ እርዳታ ይፈለጋል" ብሎ ለፈፈ። ሁለቴ! አንድ ሽማግሌ የጥርስ ሳሙና ይዘው ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ለናሙና ብዬ ነው፣ ዕድሜዬም አልፏል፣ ሆኖም ፊቴ ጋለ። የ19 ዓመቷ ልጅ ያንን ደወል ትጫናለች? ፖስተር የሚያነበው የመገናኛው ልጅ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ቡናው ከመቅረቡ በፊት እንደ ፋርማሲስት ጥቂት ልበል። የሌላ ኩባንያ ተመሳሳዩን ጠይቁ፣ መድኃኒቱ ያው ሌቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ በጣም ይቀንሳል። ከወሰደች በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ፋርማሲስት ትጠይቅ፣ መድገም ሊያስፈልጋት ይችላል። የወር አበባዋ ከጠበቀችው ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። መካን አያደርግም፣ ይህን አገር ቤትም እዚህም ስንቴ እንደተጠየቅኩ አልቆጠርኩትም። ግን ለየቀኑ አይሆንም። እንደ ማስቲካ በየሳምንቱ የሚገዙት ልጆች አገር ቤት ነበሩ፣ አስተማማኝ መከላከያ አድርገው ይዘውት። አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም እንደ ኤፋቪሬንዝ ያሉት ጉልበቱን ያዳክሙታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለፋርማሲስቱ መንገር አለባት፣ አፍራ ብትተወው ኪኒኑን በከንቱ ልትውጠው ትችላለች። ከ72 ሰዓት ካለፈ ዩሊፕሪስታል የሚባል በማዘዣ የሚገኝ ሌላ ኪኒን አለ፣ እስከ 5 ቀን። ሐኪም በ5 ቀን ውስጥ የሚያስገባው የመዳብ ሉፕ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ተገዳ የተደፈረች ሴት ከሆነች ግን ፋርማሲ አትቁም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፣ ከእርግዝናው ሌላም መከላከል ያለበት አለ።

ንግግሬ አልቆ ጥያቄ ሲፈቀድ ማንም እጁን አላወጣም። እንደጠበቅኩት። ወንዶቹ ስልካቸውን ያዩ ነበር።

ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስኒያቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ጠጋ አሉና "ልጄ፣ ይኼ ኪኒን ሳይበላሽ ስንት ጊዜ ይቀመጣል?" አሉኝ።

"ካርቶኑ ላይ ቀኑ ተጽፏል እማማ፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ይሄዳል" አልኳቸው። "ለምን ጠየቁኝ?"

"ሁለት ሴቶች ልጆች ኮሌጅ ገብተውብኛል" አሉ። ቡናቸውን ፉት አሉና "ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

"አይደለም እማማ፣ መሳቢያ ይበቃዋል።"